አንዲት ጉብታ ለዶክተር ልሳነወርቅ

ተረት ተረት። የላም በረት ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለው። ያለው አንድ ጨለማ ክፍል፣ አንድ ቀይ አምፖል፣ ጥቂት ብልቃጥና ልቧ የተንጠለጠለ አንዲት ሴት ነው። እሺ ካላችሁ ልቀጥል።

ኮረብታ ላይ በተሠራች አንዲት ኮሌጅ እማዋይሽ የምትባል የኬሚስትሪ ረዳት መምህርት ነበረች። እማዋይሽ ብዙ የምትሻ ሰው አልነበረችም። ያን ዓርብ ጠዋት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የምትወጣ አንዲት ትንሽ ጉብታ። እሷንም የፈለገቻት ለራሷ አልነበረም። ለመምህሯ ለዶክተር ልሳነወርቅ ነበር።

ዶክተር ልሳነወርቅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቻቸውን እንዲህ ሲሉ ኖረዋል፦ "የብር ጨውና የብሮማይድ ጨው በጨለማ ሲገናኙ ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ የሚያንሱ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። ቅንጣቶቹን በካርቦን ዘንግ ጫፍ ላይ አሳርፈን ኤሌክትሪክ ስንሰጣቸው ብሩና ብሮማይዱ ይለያያሉ። ሲለያዩ ስክሪኑ ላይ ጉብታ ትወጣለች። ምን ያህል ቅንጣት እንዳለ የምትነግረን እሷ ናት።" ይህን ብለው ጉብታዋን በጠመኔ ይስላሉ። በዓይናቸው ግን አይተዋት አያውቁም። መሣሪያው ሲጠየቅ ሲጠየቅ ኖሮ የደረሰው ጡረታቸው ሁለት ወር ሲቀረው ነው። በሁለቱ ወርም አንድ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ሳያውቅ በሩን ከፈተና ቅንጣቶቹ ብርሃን አይተው ጠቆሩ።

ይህም ብቻ አይደለም። የዶክተር ዓይን ከዓመት ወዲህ እየደበዘዘ ሄዷል። ሐኪሙ "ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ ይዩት" ብሏቸዋል። ሐኪም እንዲህ ሲናገር ደግ ይሁን ጨካኝ እኔ አላውቅም። ዓርብ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ዘንድ አርባ ምንጭ ይሄዳሉ። እንግዲህ ጉብታዋ ከወጣች ዛሬ ትውጣ፣ ካልወጣች ቀረች።

እማዋይሽ መሣሪያውን አበራች። ስክሪኑ ላይ እንደ ተደለደለ ማሳ የተለጠጠ ቀጥ ያለ መስመር ታየ።

"ስክሪን ሆይ፣ ጉብታ ሳልልኝ" አለችው። ተረት ነውና ስክሪን ይናገራል። ላብራቶሪ ውስጥ ብቻውን የዋለ ሰው ደግሞ ይህን ለማመን አይቸገርም።

"ዘንጉ ካልነገረኝ አልስልም" አላት ስክሪኑ።

ወደ ካርቦን ዘንጉ ዞረች። ከብዕር የማይበልጥ ዘንግ ነው። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅና በነጭ ዱቄት፣ ዶክተር እንዳስተማሯት ስምንት ቁጥር እየሠራች፣ ጫፉ እንደ መስታወት እስኪያበራ ስትወለውለው ነው ያረፈደችው። "ዘንግ ሆይ፣ ለስክሪኑ ንገርልኝ" አለችው።

"ቅንጣቷ ካልነካችኝ ምን ብዬ? አልናገርም" አላት።

እንግዲህ ዘንጉ ያለ ቅንጣት አልናገርም አለ፤ ስክሪኑ ያለ ዘንግ አልስልም አለ፤ እማዋይሽም ያለ ጉብታ ቀረች።

ጨለማው ክፍል ገባች። ጥቁሩን መጋረጃ ሳበች፣ ቀዩን አምፖል አበራች። ዶክተር ልሳነወርቅ ጥግ ላይ፣ በለመዱት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የብር ጨው በንጹህ ውሃ ሲሟሟ ውሃው እንደ ጠራ ይቀራል። እማዋይሽ ያሟሟችው ግን ገና ብሮማይዱ ሳይጨመርበት ጉም ለበሰ፣ ደፈረሰ።

"ቅንጣት ሆይ፣ ምነው? ተወለጂልኝ እንጂ" አለች እማዋይሽ።

"ንጹህ ውሃ ካላገኘሁ አልወለድም" አለቻት ቅንጣቷ።

እማዋይሽ የተጣራውን ውሃ ጀሪካን አነሳች። ትናንት ማታ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ዛሬ እስከ አፉ ሞልቷል። መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና ኮሪደሩን የሚወለውሉትን የጽዳት ሠራተኛ ጠየቀች። እትዬ ጥሩሰው ይባላሉ።

"እኔ ነኝ የሞላሁት" አሉ እትዬ ጥሩሰው ደስ ብሏቸው። "ሊያልቅ ሲል አየሁት። ዶክተር በመጨረሻ ቀናቸው ውሃ አጥተው እንዳይጉላሉ ብዬ ከቧንቧው ሞላሁላቸው።"

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ብር ደግሞ ክሎሪን ካገኘ ብሮማይዱን ሳይጠብቅ ከእሱ ጋር ይጋባል። እማዋይሽ ይህን አልተናገረችም፤ ፊቷ ግን ተናገረባት። እትዬ ጥሩሰው መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ።

"አጠፋሁ እንዴ ልጄ? አጠፋሁ አይደል?" አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ዶክተር ከውስጥ ሰምተው ኖሮ "ተይ ጥሩሰው፣ አታልቅሺ" አሉ። "እኔም በወጣትነቴ አንድ ሙሉ ዓመት በቧንቧ ውሃ ሠርቼ በብሩ ሳመካኝ ነበር። የኔው ይብሳል፤ እኔ ተምሬ ነው ያጠፋሁት።"

የተጣራ ውሃ የሚገኘው እቃ ግምጃ ቤት ብቻ ነው። እማዋይሽ ሮጣ ሄደችና በሽቦው መስኮት አየችው፤ ነጭ ጀሪካን ሞልቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። "ውሃ ሆይ፣ ና ውጣልኝ" አለችው።

"በሩ ካልተከፈተ በምን በኩል? አልወጣም" አላት።

እንግዲህ ውሃው በሩ ሳይከፈት አልወጣም አለ፤ ቅንጣቷ ያለ ውሃ አልወለድም አለች፤ ዘንጉ ያለ ቅንጣት አልናገርም አለ፤ ስክሪኑ ያለ ዘንግ አልስልም አለ፤ እማዋይሽም ያለ ጉብታ ቀረች።

የግምጃ ቤቱ ሹም ጋሽ ድንበሩ በሩ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቁልፋቸው ወገባቸው ላይ ነው፤ ሲነሱም ሲቀመጡም ይንሿሿል።

"ጋሽ ድንበሩ፣ አንድ ጀሪካን የተጣራ ውሃ ይስጡኝ። ለዶክተር ልሳነወርቅ ነው" አለቻቸው።

"ለዶክተር ከሆነማ ደሜንም እሰጣለሁ" አሉ ጋሽ ድንበሩ። "ደሜ ሞዴል ሃያ ሁለት አይጠይቅማ። ውሃው ግን ይጠይቃል።"

"ጊዜ የለኝም እኮ ጋሽዬ።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ። ኃላፊው ካልፈረመ አልከፍትም።"

ባዶውን ሞዴል ሃያ ሁለት፣ የእቃ ማውጫውን ቅጽ፣ ሰጧት። እንግዲህ ጋሽ ድንበሩ ያለ ፊርማ አልከፍትም አሉ፤ ውሃው በሩ ሳይከፈት አልወጣም አለ፤ ቅንጣቷ ያለ ውሃ አልወለድም አለች፤ ዘንጉ ያለ ቅንጣት አልናገርም አለ፤ ስክሪኑ ያለ ዘንግ አልስልም አለ፤ እማዋይሽም ያለ ጉብታ ቀረች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኢዮስያስ ይባላል። እሷን በሁለት ዓመት ቢበልጣት ነው፤ ያስተማሩት ግን እነዚያው ዶክተር ናቸው። ቅጹን አገላብጦ አየና ብዕሩን አስቀመጠ።

"እቃ የሚወጣው ላብራቶሪውን በተረከበው ሰው ስም ነው" አላት። "ዶክተር ዛሬ ይሰናበታሉ። በማን ስም ላውጣው? ነገ ኦዲተር መጥቶ 'ይህን ውሃ ማን ጠጣው' ቢለኝ ምን እላለሁ?"

"ኢዮስያስ፣ ውሃ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔንም ጠመኔ አያያዝ ሳይቀር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብችል እፈርም ነበር። ግን ርክክቡ ካላለቀ አልፈርምም።"

እንግዲህ ኢዮስያስ ያለ ርክክብ አልፈርምም አለ፤ ጋሽ ድንበሩ ያለ ፊርማ አልከፍትም አሉ፤ ውሃው በሩ ሳይከፈት አልወጣም አለ፤ ቅንጣቷ ያለ ውሃ አልወለድም አለች፤ ዘንጉ ያለ ቅንጣት አልናገርም አለ፤ ስክሪኑ ያለ ዘንግ አልስልም አለ፤ እማዋይሽም ያለ ጉብታ ቀረች። ሰዓቱ ደግሞ ስድስት ሆነ፤ ሰው ሁሉ ምሳ ወጣ። የመሥሪያ ቤት ምሳ እንዴት እንደሚረዝም ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስምንት ሰዓት ላይ የንብረት ክፍሏ እትዬ የሺመቤት ተመለሱ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የርክክቡን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት።

"ሁሉ ተጽፏል፣ ሁሉ ተዘጋጅቷል፣ የኔ ልጅ። የቀረው ቁልፉ ብቻ ነው። ዶክተርን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው፣ ሦስቴም 'ትንሽ ቆይ' አሉኝ። ቁልፉ ካልመጣ ርክክቡን አልዘጋም።"

"ቁልፉ ቢመጣስ?"

"ክፍሉን አሽገዋለሁ። አዲስ ተረካቢ እስኪገኝ ታሽጎ ይቆያል።"

"ከታሸገ በኋላ ማን ይገባል?"

"ማንም" አሉ እትዬ የሺመቤት። ክፋት የለባቸውም፤ ደንቡን መናገራቸው ነው።

እማዋይሽ ወደ ጨለማው ክፍል ስትመለስ እግሯ ከበዳት። ዶክተር ልሳነወርቅ ከበርጩማቸው አልተነሱም። ቀኝ እጃቸው የነጭ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ቁልፉን ጨብጠውታል።

"ዶክተር፣ ቁልፉን ይስጡኝ" አለች።

"ጉብታዋን ካላየሁ ቁልፉን አልሰጥም" አሉ።

ይኸውላችሁ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ደረሰ። ዶክተር ያለ ጉብታ ቁልፍ አልሰጥም አሉ፤ እትዬ የሺመቤት ያለ ቁልፍ ርክክብ አልዘጋም አሉ፤ ኢዮስያስ ያለ ርክክብ አልፈርምም አለ፤ ጋሽ ድንበሩ ያለ ፊርማ አልከፍትም አሉ፤ ውሃው በሩ ሳይከፈት አልወጣም አለ፤ ቅንጣቷ ያለ ውሃ አልወለድም አለች፤ ዘንጉ ያለ ቅንጣት አልናገርም አለ፤ ስክሪኑ ያለ ዘንግ ጉብታ አልስልም አለ፤ ጉብታዋ ከሌለች ደግሞ ዶክተር ቁልፉን አይሰጡም። እንዲህ ያለውን ክብ በጉልበት የሚበጥሰው የለም። አንዱ ሰው እሺ ማለት አለበት።

እማዋይሽ መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። በቀዩ ብርሃን ፊታቸውን ስታየው ያረጁ መሰላት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አርጅተውባት አያውቁም ነበር።

"ዶክተር፣ ጉብታዋን ብቻ ነው የሚጠብቁት?" አለቻቸው።

"ይሄን ቁልፍ ሠላሳ ዓመት በኪሴ ይዤዋለሁ" አሉ። "ዓይኔ ቢደክምም እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም አይበልጠኝም፤ ድሮም የሚሠራው በጨለማ ነው። ብልቃጡ የት እንዳለ እጄ ያውቃል። ቁልፉን ከሰጠሁ በኋላ ግን ዓይኑ የደከመ አንድ ሽማግሌ ነኝ። በማን በር እገባለሁ?"

እማዋይሽ አለቀሰች። ማልቀሷን በጨለማው ልትደብቅ አልሞከረችም። ከዚያ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገችና "ለእኔ ያስረክቡኝ" አለች። "ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ተረካቢ ብዬ እኔ እፈርማለሁ። ያኔ ክፍሉ አይታሸግም። በሩም የኔ ከሆነ የእርስዎ ነው።"

"አብደሻል?" አሉ ዶክተር። "መዝገቡን አላየሽውም። ከአሥራ ሁለት ብልቃጥ አራቱ የሉም። የጠፋ ቴርሞሜትር አለ፤ ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ። አንድ ሚዛን ደግሞ አንቺ ሳትወለጂ ነው የተሰበረው። ከፈረምሽ ጉድለቱ ሁሉ አንቺ ላይ ይወድቃል። ለዚህ እኮ ነው አንድም ሰው ያልተረከበኝ።"

"ይውደቅ።"

"እማዋይሽ።"

"ይውደቅ አልኩዎት፣ ዶክተር። እኔን ያስተማሩኝ የቱ ጉድለት ውስጥ ተጽፏል?"

የሽማግሌው እጅ ከኪሳቸው ወጣ። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩና በራሳቸው እጅ ጣቶቿን አጠፉላት። ቁልፉ ሞቅ ይል ነበር።

ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔ መሮጥ አልችልም፤ እሷ ናት የሮጠችው። ዶክተር ቁልፉን ሰጡ። ቁልፉ መጣና እትዬ የሺመቤት መዝገቡን ገለጡ፤ "አስበሽበታል?" አሉ፣ ደገሙና "አስበሽበታል ወይ?" አሉ፣ ፈረመችና ርክክቡን ዘጉ። ርክክቡ አለቀና ኢዮስያስ ፈረመ፤ ፈርሞም ወረቀቱን ይዞ ራሱ ተከተላት። ፊርማው ደረሰና ጋሽ ድንበሩ በሩን ከፈቱ። በሩ ተከፈተና ውሃው ወጣ፤ ጀሪካኑን ጋሽ ድንበሩ በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ላብራቶሪው አደረሱት፤ ይህ ደግሞ የሥራ ድርሻቸው አልነበረም።

ውሃው መጣና ብሩ ሟሟ፤ እንደ ጠራም ቀረ። መጋረጃው ተሳበ። እማዋይሽ የብሩን ውሃ በብሮማይዱ ላይ ጠብታ በጠብታ አወረደች። ዶክተር ብልቃጡን በሁለት እጃቸው አቅፈው ክብ ክብ እያደረጉ ያዞሩታል። "ቆይ" ይላሉ፤ ትቆማለች። "አሁን" ይላሉ፤ ታንጠባጥባለች። ምን እንደሚያዩ አልጠየቀቻቸውም። ጠብታዋ ስትወድቅ ይሰሟታል። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ቅንጣቷ ተወለደች፤ አንዷ ሳትሆን እልፍ አእላፍ እህቶቿን አስከትላ።

ቅንጣቷ ተወለደችና ዘንጉን ነካች። አንዲት ጠብታ ጫፉ ላይ አሳረፉ፣ እስክትደርቅ ጠበቁ። እትዬ ጥሩሰው ያችን ሩብ ሰዓት በሩ ላይ ዘብ ቆመው፣ ብርሃን ሊያስገባ የሚመጣውን ሁሉ በዓይናቸው ይመልሱ ነበር።

ቅንጣቷ ነካችውና፣ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ መሣሪያው የሄደው ዘንግ ተናገረ። ዘንጉ ተናገረና ስክሪኑ መሳል ጀመረ። መስመሩ ከግራ ተነሳ፤ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ከዚያ መስመሩ ቀና አለ። ወጣ፣ ወጣና አናቱ ላይ ደርሶ ተመልሶ ወረደ፤ እንደገናም ሜዳ ሆነ።

"ወጣች?" አሉ ዶክተር።

"ወጣች" አለች እማዋይሽ። ከኋላዋ ኢዮስያስ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ።

ዶክተር ልሳነወርቅ መሣሪያው ፊት ከተቀመጡበት ወንበር ተነስተው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በካፖርታቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉ። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ተጠጉ። እንዲያ ሆነው ብዙ ቆዩ።

"መብራት አያለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "መስመሩን ግን አላየሁትም።"

እማዋይሽ መስመሩን አደመቀችው፤ አላዩትም። አጎላችው፤ አላዩትም። ጋሽ ድንበሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ። እትዬ የሺመቤት ደግሞ ቢሮ ዘግተው ወደ ቤት ሲሄዱ በዚያው ሊያዩ ገብተው ነበርና በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

እማዋይሽ የዶክተርን ቀኝ እጅ ያዘች። ሌባ ጣታቸውን ዘረጋችና በስክሪኑ ግራ ጫፍ፣ መስመሩ ከሚነሳበት ላይ አሳረፈችው።

"ይሄ ሜዳው ነው" አለች፣ ጣታቸውን ቀስ ብላ ወደ ቀኝ እየወሰደች። "ገና ምንም የለም። ሜዳ ነው። አሁንም ሜዳ ነው። እዚህ ጋ ዳገቱ ጀመረ።"

ጣታቸው ከጣቷ ጋር ሽቅብ ወጣ።

"አናቱ ላይ ደረስን" አለች።

"እዚህ ጋ ነው የሚለያዩት" አሉ እሳቸው።

"አዎ፣ እዚህ ጋ ነው። አሁን ቁልቁለት ነው። ቀስ ይበሉ። ወረድን። ይኸው፣ ሜዳው ተመለሰ።"

ዶክተር ልሳነወርቅ ጣታቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። "ትንሽ ናት" አሉ።

"ትንሽ ናት" አለች እማዋይሽ።

"እንደገና አውጪኝ" አሏት።

ጣታቸውን ይዛ ወደ ግራ መለሰችውና ከሜዳው ጀመረች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለእትዬ ጥሩሰው ስጡልኝ።